ከሦስቱ ፊደላት በታች

ሆሊስ፣ ታናሼ፣ በነሐሴ ሻንጣህን ስትዘጋ
ይህን ወረቀት ከካልሲዎችህ መሀል ሸጉጠው፤
እናታችን እንዳታየው።

የገባሁበት ቤት ቀይ ጡብ ነው፣ አዮዋ፣ ከበቆሎው ማሳ ጥግ፣
በበሩ አናት ሦስት የግሪክ ፊደላት፣ ማንም ትርጉማቸውን የማይፈልግ፤
በረንዳው ላይ አሮጌ ሶፋ፣ በረዶ የለበሰ፣
ምድር ቤቱ በረኪና የሚሸት፣ ምንጣፉ በቢራ የራሰ።

መጀመሪያ የተማርሁት መሐላውን አልነበረም፤
መሳቅ ነበር። ዴክስተር ሲስቅ መሳቅ፣
ከእሱ ቀድሞ አለማቆም።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በጥቅምት፣ ሌሊት፣
«ፎቅ ላይ ያለውን በር ጠብቅ፣ ማንም እንዳይገባ» አሉኝ።
ጠበቅሁ።
በሩን እንጂ ከበሩ ጀርባ ያለችውን አይደለም።
«እንዳይገባ» ሲሉ «እንዳትወጣ» ማለታቸው እንደሆነ
አልጠየቅሁም።
አንዱ ቀልድ ወረወረ፤ ሳቅሁ፣
ከፍ አድርጌ ሳቅሁ፣
ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ እንዳልሰማ፣
ወይም ሰምቼ እንዳላውቅ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የምሳ ሰልፍ ላይ፣
የዱባ ሾርባ ቀን ነበር፣
በተራ ነገር ሳቅሁ።
ከፊቴ የቆመችው ልጅ ትሪዋን ለቀቀችው።
ዞረች። ፊቴን አታውቀውም ነበር፤ ፈለገችው፣ አገኘችው።
«አንተ ነህ» አለች። «ሳቅህን አውቀዋለሁ።»
ሌላ አልተናገረችም።
ሾርባው ጫማዬ ላይ እስኪደርቅ ቆሜ ቀረሁ።

ስሟ ኮሪን ነው። ያወቅሁት ትምህርቷን ትታ ከሄደች ወዲያ፣
ከፖስታ ሳጥኗ ላይ ስሟን ሳያነሡት ቀርተው።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል።
የገባውም አይወጣም፣ ሆሊስ፤
ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ያድራል።

በየካቲት አዲሶቹን ምድር ቤት አወረድናቸው፣
በውስጥ ሱሪ፣ ዓይናቸው ታስሮ፣ ባልዲ በፊታቸው።
ግድግዳው ላይ መቅዘፊያ ተሰቅሏል፣ ሐይቅ አይቶ የማያውቅ፣
ስማችን የተቀረጸበት፣ ጀርባ ብቻ የሚያውቅ።
የእኔ ሥራ መቁጠር ነበር።

«ወንድ ነህ?»
«ወንድ ነኝ!»
«ጠጣ!»
አንድ። ሁለት።
ኤመሪ የሚሉት፣ ቀጭኑ፣ ክላሪኔት የሚነፋው፣
ከንፈሩ ቀለም እንደ ጠጣ ሰማያዊ ሆነ፤ ጉልበቱ ከዳው።
አምስት። ስድስት።
ሳቁ።
የእኔም ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጣና
ሾርባው ሸተተኝ።

ሰባትን አልጠራሁም።
መብራቱን አበራሁ፣ ያ ብቻ ነው፤
ጀግንነት አይደለም፣ ማብሪያው ከትከሻዬ አጠገብ ነበር።
በብርሃን ሲታዩ ሁሉም ልጆች ነበሩ፣
የመታውም የተመታውም፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጣቸው።

«ወንድም አይደለህም!» ጮኸ ዴክስተር።
ወንድሜ አይደለህም ማለቱ ይሁን፣
ወንድ እንኳ አይደለህም፣
አልለየሁም።
ወንድን ከወንድም የምትለየው አንዲት ፊደል ናት፤
በበራችን አናት ከተሰቀሉት ከሦስቱ መሀል የለችም።
ከንፈር ሳይገጥም አትወጣም።
ለዚህ ይሆን ወንድምነትን ዝምታ ያደረግነው?
ወንድም፣ ዝም፤
ቤት ይመታሉ። ቤቱም እኛን መታን።

አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ። ኤመሪ ተርፏል።
አላመሰገነኝም፤ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።
እውነቱን ነው፤ እስከ ስድስት የቆጠርሁት እኔ ነበርሁ።
በማግስቱ ስለ በሩም ለዲኗ ተናገርሁ፣
ስም በስም፣ የራሴን አስቀድሜ።
ለኮሪን አልጻፍሁም፤
ጸጸቴን የመሸከም ዕዳ የለባትም።

አባታችን በስልክ «ወንድ ልጅ ጓደኞቹን አይሸጥም» አለኝ።
ቆየና «በእኔ ጊዜ…» ብሎ ጀመረ፤
አልጨረሰውም። ትንፋሹን ብቻ ሰማሁ።

ምክር አልችልበትም፣ ሆሊስ።
በር ጠብቅ ካሉህ፣ ክፈት።
ቁጠር ካሉህ፣ አንድ አትበል።
እኔ አሁንም ቀልድ ስሰማ፣ ከመሳቄ በፊት
ዙሪያዬን አያለሁ፣
ትሪ የያዘ ሰው እንዳለ።